እናታችን መርሳት ጀምረዋል፤ ቤቱ፣ ውክልናውና ኑዛዜው ምን ይሁን?

የጻፉልኝ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። እናትዎ 78 ዓመታቸው ነው። አባትዎ ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። አዲስ አበባ ያለው ቤት ካርታው አሁንም በአባትዎ ስም ነው። ከእናትዎ የተወለዳችሁ ሦስት ናችሁ፤ አባትዎ እናትዎን ከማግባታቸው በፊት የወለዷት አንዲት ታላቅ እህትም አለቻችሁ። ታናሽ ወንድምዎ ከእናትዎ ጋር እየኖረ ይጦራቸዋል፤ «ሙሉ ውክልና»ም ሰጥተውታል። እናትዎ «ቤቱ የእሱ ነው፣ የጦረኝ እሱ ነው» ይላሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የጣዱትን ይረሳሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ያምታታሉ። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ደግሞ «በሽያጭ ወደ ልጁ ስም አዙሩትና ከውርስ ጣጣ ተገላገሉ» ብሏችኋል። እርስዎ «ምን እናድርግ? ከየትስ እንጀምር?» ብለው ጠይቀዋል።

መልሴን በመጀመሪያ ልናገር። ሽያጩን አትንኩት። የአባትዎን ውርስ አሁኑኑ አስጣሩ። ውክልናውን አጥብቡት። ኑዛዜው የእናትዎ ጉዳይ ነውና እሳቸው ራሳቸው፣ አእምሯቸው ሳይደክም፣ ከልጆቻቸው ማንም በሌለበት ያድርጉት። ለምን እንደዚህ እንደምል ደግሞ ላስረዳዎ።

በቤተሰብና በውርስ ጉዳይ ጥብቅና ስቆም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በአረጋውያን ጉዳይ ቢሮዬ የሚመጡት ግን ብዙውን ጊዜ ልጆቻቸው ናቸው። ልጆቹ ይናገራሉ፤ እናት ወይም አባት ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ አንድ አባት ሰነድ ሊፈርሙ ከልጃቸውና ከእኔ ጋር ውልና ማስረጃ ቀረቡ። ተቀባይዋ ሠራተኛ ልጁን «አንዴ ውጭ ቆይልኝ» አለችው። ከዚያ ወረቀቱን በግንባሩ ደፍታ «አባባ፣ ዛሬ ምን ሊያስፈጽሙ ነው የመጡት?» ስትል ጠየቀቻቸው። «የጡረታዬን ነገር ሊያስተካክሉልኝ» አሉ። ወረቀቱ የቤት ስጦታ ውል ነበር። ያረቀቅሁትም እኔ ነበርኩ፤ ልጁ የነገረኝን ጽፌ፣ አባትየውን ለብቻቸው ሳላነጋግር። ያን ቀን ምንም ሳይፈረም ተመለስን። እኔም ከዚያ ወዲህ ባለቤቱን ለብቻ ሳላነጋግር አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ይህን የምነግርዎ እርስዎም ሆኑ ወንድምዎ በቅን ልብ ሳላችሁ እዚያው ልትገኙ ስለምትችሉ ነው። ውርስ የሚከፈተው ሰው ሲሞት ነው። እናትዎ በሕይወት አሉ፤ ባለመብቱም ወሳኙም እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። እናትዎ ለማን ይስጡት ከማለታችን በፊት፣ ሊሰጡት የሚችሉት ምን ያህሉን ነው? ካርታው በአባትዎ ስም መሆኑ ብቻውን ቤቱን የአባትዎ የግል አያደርገውም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የባልና የሚስት ንብረት በአንዳቸው ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ቤቱ ከተጋቡ በኋላ የተገዛ ወይም የተሠራ ከሆነ ግማሹ የእናትዎ ነው፤ በውርስ ያገኙት ሳይሆን ድሮም የራሳቸው የነበረ። ሌላው ግማሽ የአባትዎ ውርስ ነው።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ቀጥሎ ያለውን ስነግረው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሚስት ባሏን፣ ባልም ሚስቱን ያለ ኑዛዜ አይወርሱም። ኑዛዜ ከሌለ የሟቹ ድርሻ የሚሄደው ለልጆች ነው፤ እኩል በእኩል። በጋብቻ የተወለደም ከጋብቻ ውጭ የተወለደም፣ ከፊተኛዪቱም ከኋለኛዪቱም የተወለደ አይበላለጥም። ስለዚህ ታላቅ እህታችሁ በአባቷ ግማሽ ላይ ልክ እንደ እርስዎ ወራሽ ናት።

ቁጥሩን በወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ብዙ ጠብ የሚበርደው በዚህ ነው። ቤቱን 24 ቦታ እንክፈለው። 12ቱ የእናትዎ። ከአባትዎ 12 ላይ አራታችሁ 3፣ 3 ትወስዳላችሁ። እናትዎ ያለ ኑዛዜ ቢያልፉ የእሳቸው 12 ለሦስታችሁ 4፣ 4 ይደርሳል፤ ታላቅ እህታችሁ የእሳቸው ልጅ አይደለችምና ከዚያ አትካፈልም። በመጨረሻ እናንተ 7፣ 7 ይደርሳችኋል፣ እሷ 3። እናትዎ «ቤቱ የእሱ ነው» ሲሉ ቃላቸው የሚሠራው ከ24ቱ በ12ቱ ላይ ብቻ ነው። ይህን እሳቸውም አያውቁት ይሆናል፤ ሰው ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ቤት በግማሽ አያስበውም።

ቤቱን አባትዎ ከመጋባታቸው በፊት አግኝተውት ከነበረ ወይም በውርስ ደርሷቸው ከሆነ ግን ነገሩ ይከብዳል። ያን ጊዜ የአባትዎ የግል ነው ሊባል ይችላል፤ ከሆነም በሙሉ ለአራታችሁ ልጆች ይተላለፋል፣ እናትዎ በቤቱ ላይ የባለቤትነት ድርሻ አይኖራቸውም። በትዳር ዘመን በጋራ ገንዘብ ያስገነቡት ክፍል ካለ ለብቻው የሚታይ ጉዳይ ነው። እንዲህ ከሆነ ልጆቹ የእናታቸውን መኖሪያ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርባችኋል፤ ታላቅ እህታችሁም ጭምር። ለዚህ ነው ቤቱ የተገኘበት ዓመትና ጋብቻው የተፈጸመበት ዓመት ከምንም በላይ የሚያስፈልገኝ።

የጋብቻ ነገር ከተነሳ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ብዙዎቹ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የላቸውም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ድግስ ተደግሶ ነው የተጋቡት። ሕጉ ለዚህ መፍትሔ አለው፤ ወረቀት ባይኖር እንደ ባልና ሚስት ሲኖሩና ሲታወቁ የነበሩ መሆኑ በምስክሮች ሊረጋገጥ ይችላል። ችግሩ ምስክሮቹም አርጅተዋል። ሠርጉ ላይ የነበሩ አክስት፣ ሚዜ፣ ጎረቤት ዛሬ ካሉ ዛሬ ስማቸውንና አድራሻቸውን ያዙ። በኋላ ሰው ሲጠፋ አይቻለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የአባትዎን ውርስ በሥርዓት ማስጣራት ነው። የሞት ማስረጃቸውን ይዛችሁ፣ አራታችሁም ተስማምታችሁ፣ ለአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እንዲሰጣችሁ አመልክቱ። ካስፈለገ የውርስ አጣሪ ይሾማል፤ አጣሪው ንብረቱን ይመዘግባል፣ ዕዳ ካለ ያጣራል፣ የጋራውን ከግሉ ይለያል። ለምን አሁኑኑ እንደምል ልብ ይበሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ወራሽ የሆነ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ ክሱ በይርጋ ይታገዳል ይላል፤ በዘር የተላለፈ የቤተ ዘመድ ርስት ካልሆነ በቀር ደግሞ 15 ዓመት ካለፈ ጨርሶ አይቀርብም። እዚያው ቤት ውስጥ የሚኖር አንድ ወራሽ ሲኖር ይህ ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠር ፍርድ ቤት ብዙ ያከራክራል። እናንተ ሁለተኛውን ዓመት እየጨረሳችሁ ስለሆነ ክርክሩ ሳይነሳ ብትጨርሱት ይሻላል። ወንድማችሁን ለመክሰስ አይደለም። ወረቀቱ ሲያልቅ ለእሱም ዕረፍት ነው።

የጉዳይ አስፈጻሚው ምክር ያናደደኝ እዚህ ላይ ነው። እናትዎ የሌላውን ሰው ግማሽ ሊሸጡ አይችሉም። የራሳቸውን ግማሽ ቢሸጡ እንኳ ገንዘብ ሳይከፈል «ሸጥኩ፣ ዋጋውንም ተቀበልኩ» ተብሎ የሚፈረም ውል የይስሙላ ውል ነው፤ ሌሎቹ ልጆች ሊያስፈርሱት ይከሳሉ፣ ፍርድ ቤት ዓመታት ይሄዳሉ። ከዚያ ሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ውሉ ቢጸና እናትዎ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ይሆናሉ። ወንድምዎ ደግ ነው፤ ወንድምዎ ግን ሊያገባ፣ ሊፋታ፣ ሊበደር፣ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ቤቱ የሚስቱ፣ የባንኩ፣ የልጆቹ ጉዳይ ይሆናል፤ የ80 ዓመት እናት «እኔስ?» ቢሉ የሚያሳዩት ወረቀት የለም።

ስጦታም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በሚደረግበት ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም፤ ከጸና ግን ወዲያው ይተላለፋል። ኑዛዜን ነገ መለወጥ ይቻላል። ስጦታን መመለስ ግን ከባድ ክርክር ነው። እናትዎ የግድ በሕይወታቸው መስጠት ከፈለጉ፣ መጀመሪያ የአባትዎ ውርስ ተጣርቶ ድርሻቸው ይለይ፤ ከዚያ ባለቤትነቱን ሰጥተው እስከ ዕለተ ሞታቸው የመኖርና የማከራየት መብቱን ለራሳቸው ያስቀሩ። ሕጉ ይህን መብት አላባ ይለዋል። በውሉ ውስጥ ተጽፎ፣ ከቤቱ መዝገብ ጋር ተመዝግቦ ሲቀመጥ ቤቱ እጅ ቢለውጥ እንኳ እናትዎን የሚያስወጣ የለም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ባለማስጻፋቸው ብቻ በሰጡት ቤት አንዲት ክፍል ለምነው የሚኖሩ እናት አውቃለሁ።

ውክልናውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን አውጥታችሁ ቃል በቃል አንብቡት። «ሙሉ ውክልና» ሰው የሚጠራበት ስም ነው፤ ሕጉ የሚያየው የተዘረዘረውን ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ኪራይ መሰብሰብ፣ ማሳደስ፣ ዕዳ መክፈል ያለውን። ቤት ለመሸጥ፣ በመያዣ ለማስያዝ፣ ስጦታ ለመስጠት፣ በክስ ለመከራከር ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ውልና ማስረጃ በር ላይ ያሉ ጸሐፊዎች ግን ሁሉንም የሚዘረዝር የተዘጋጀ ቅጽ አላቸው፤ «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ፣ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት» ሁሉ አብሮ ይገባል፤ ፈራሚው መብራት ለማስከፈል ነው የመጣው። የወንድምዎ ውክልና እንዲህ ያለ ከሆነ እናትዎ ይሻሩትና በጠባቡ ይተኩት፤ ጡረታ መቀበል፣ ማሳከም፣ የመንግሥት ክፍያ መፈጸም፣ ከአንድ የተለየ የባንክ ሒሳብ የወር ወጪ ማውጣት። መሻር በማንኛውም ጊዜ መብታቸው ነው። ሽረቱ ከተመዘገበ በኋላ ግን ቅጂው ባንክም መድረስ አለበት፤ ያላወቀ ባንክ በአሮጌው ውክልና መክፈሉን ይቀጥላል።

ውክልና መቼ እንደሚያበቃም ይወቁ። በውክልናው ላይ ሌላ ቃል ካልተጻፈ በቀር ወካዩ ሲሞት ወይም ችሎታውን ሲያጣ ያበቃል። ይህ ማለት አብዛኛው ሰው «ለክፉ ቀን» ብሎ የያዘው ውክልና ክፉው ቀን ሲመጣ የሚከስም ነው። እናትዎ ዛሬ ሲፈርሙ «ለሕክምናዬና ለዕለት ኑሮዬ የሰጠሁት ሥልጣን በጤና ምክንያት ራሴን ማስተዳደር ባልችል እንኳ ይቀጥል» ብለው ቢያስጽፉ ሕጉ አይከለክላቸውም። እንዲያም ሆኖ ባንክ የፍርድ ቤት ወረቀት ቢጠይቃችሁ አይግረማችሁ። ከሞት በኋላ ግን «ገና ስላልታወቀ» ብሎ በሟች ውክልና ገንዘብ ማውጣት ወንጀል ውስጥ ይከታል። ለቀብር ወጪ እንኳ ቢሆን።

ለወንድምዎ አንድ ነገር ይንገሩልኝ፤ ደብተር ይያዝ። የሃምሳ ገጽ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ የገባ ገንዘብ፣ የወጣ ገንዘብ፣ ለምን፣ ደረሰኙ በስፒል ተያይዞ። ተወካይ ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እንደ እሱ ያሉ ታማኝ ልጆች ናቸው በኋላ «የእናታችንን ጡረታ በላህ» የሚባሉት፤ ምክንያቱም የሰጡትን ዓመት የሚያስረዱበት አንድ ወረቀት የላቸውም።

አሁን ኑዛዜ። ብዙ እናቶች «ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ» ወይም «ለሽማግሌዎች አደራ ብያለሁ» ይላሉ። የቃል ኑዛዜ በሕጉ አለ፤ ነገር ግን ሞት ደረሰብኝ ያለ ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት የሚናገረው ነው፤ የሚሠራውም ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ ለሕፃናት ልጆች ሞግዚት ለመሰየምና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር ከኖረ ደግሞ ይፈርሳል። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም።

ራሳቸው በእጃቸው ሊጽፉት ይችላሉ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጅ ጽሑፋቸው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ጠቅሰው፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀን ጽፈውና ፈርመው። ይህን ዓይነቱን በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጡት ግን ዋጋ ያጣል። በሣጥን ውስጥ የሚቀሩ ኑዛዜዎች የሚበላሹት በዚህ ነው።

ለእናትዎ የምመርጠው በግልጽ የሚደረገውን ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ ሌላ ሰው ይጽፋል፣ በእሳቸውና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። አንድ መስመር እንዳትረሱ፤ «ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በምስክሮቹ ፊት ተነቧል» የሚለው ቃልና ቀኑ በኑዛዜው ውስጥ መጻፍ አለበት። አራት ፊርማ፣ ማኅተም፣ ፎቶግራፍ ሳይቀር የተሟላለት ኑዛዜ ይህ መስመር ስለሌለው ሲወድቅ ችሎት ውስጥ ቆሜ ሰምቻለሁ። ምስክሮቹ ኑዛዜው የሚጠቅማቸው ሰዎች፣ የእነሱ ሚስትና ባልም አይሁኑ። እናትዎ በጣት አሻራ የሚፈርሙ ከሆነ ደግሞ ውልና ማስረጃ ማድረጋቸው አማራጭ አይደለም በሉ፤ ያልተረጋገጠ አሻራ አያስገድድም። በሕመም መንቀሳቀስ ካቃታቸው ሠራተኞቹ ቤት ድረስ የሚመጡበትን አሠራር ጠይቁ።

«እሱ ነው የጦረኝ» የሚለው ስሜታቸው ትክክል ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ለወንድምዎ አብልጠው መስጠት ይችላሉ። ነገር ግን ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በኑዛዜው ውስጥ በግልጽ ሲነገርና ምክንያቱም ሲጻፍ ነው፤ ስሙን ዝም ብሎ ማለፍ መንቀል አይደለም። ክፍፍሉም አንዱን ተወላጅ ከሚገባው ድርሻ ከአንድ አራተኛ በላይ ከጎዳው ሊያስፈርሰው ይችላል (አንቀጽ 1123)። ስለዚህ ሁሉንም ለአንዱ ከማለት፣ በመጠኑ አብልጠው «ለዚህ ያህል ዓመት ስለጦረኝ» ብለው ምክንያቱን በራሳቸው አንደበት ቢያስጽፉ ይጸናል፤ ጥሩ ስሜትም ይተዋል። ሌሎቻችሁ ደግሞ እናታችሁ በሕይወት ሳሉ ለወንድማችሁ የመጦሪያውን ወጪ ብትጋሩ የዚህ ጥያቄ ግማሹ ባልተነሳ ነበር። ይህን ማለት ስላለብኝ ነው ያልኩት።

መርሳታቸው የኑዛዜን በር ገና አልዘጋውም። ስም ማምታታት የአእምሮ ችሎታ ማጣት አይደለም። ሰውየው ምን እንዳለው፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ ለማን ምን እየሰጠ እንደሆነ ከተረዳ ሊናዘዝ ይችላል። በሕይወት ሳለ በፍርድ ያልተከለከለ፣ ማለትም ራሱንና ንብረቱን ማስተዳደር አይችልም ተብሎ በፍርድ ቤት ያልተወሰነበት ሰው ኑዛዜም በቀላሉ አይፈርስም። ነገር ግን ነገ ጥርጣሬ እንዳይነሳ፣ ከኑዛዜው ቀን በፊት በነበሩት ቀናት ሐኪም ይያቸውና የሕክምና ማስረጃ ይስጥ። ሕጉ የግድ አይልም፤ እኔ ግን ያለዚህ አላደርግም። ሰዓቱንም ምረጡ። አብዛኞቹ አረጋውያን ጠዋት ንቁ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ይደክማሉ።

አእምሯቸው በእርግጥ ካልቻለ ግን ኑዛዜም ውክልናም የለም፤ ማንም በስማቸው ሊናዘዝላቸው አይችልም። ያን ጊዜ መንገዱ ፍርድ ቤት ቀርቦ በፍርድ እንዲከለከሉና ሞግዚት እንዲሾምላቸው መጠየቅ ነው። ዳኛ ሊያያቸው ይገባል፤ ሞግዚቱም በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ነው የሚሠራው። ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከይስሙላ ሽያጭ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

የባለቤታቸው ጡረታ ለእናትዎ የሚከፈላቸው ከሆነ እሱ የውርስ ንብረት አይደለም፤ ማንም ወራሽ አይካፈለውም። ክልል ውስጥ ያለ የገጠር መሬት ካለም ይለዩት፤ የክልሉ የመሬትና የቤተሰብ ሕግ ነው የሚገዛው። ቤተሰቡ ሙስሊም ከሆነና ሁሉም ከፈቀዱ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል፤ የድርሻው ስሌትም ከላይ ካልኩት ይለያል።

በዚህ ሳምንት ለታላቅ እህታችሁ ይደውሉ። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል። ለእኔ ደግሞ ሦስት ነገር ይላኩልኝ፤ ጋብቻው የተፈጸመበትን ዓመት፣ ቤቱ የተገኘበትን ዓመትና የውክልናውን ቅጂ ሁሉንም ገጽ። ከዚያ እናትዎን አንድ ጠዋት ይዘውልኝ ይምጡ፤ እኔና እሳቸው ስንነጋገር እርስዎ ውጭ ይቆዩልኛል።